ዘይትና የእርሳስ ዱቄት

ሐሙስ፣ መጋቢት 9 ቀን
ከቤታችን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህ ብርዱን እንዴት ቻለው? ለእህትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንድ ሰው አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ከአንተ ኩርፊያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ ካልታመመ ምስጋና ይገባዋል። እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ ልኩን ይዟል፤ በመነጽር እስከሆነ ድረስ ክር በመርፌ መሰካትም አላቃተኝም።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ መጠየቅህን ሰምቻለሁ። ስልክ እንደማልወድ ታውቃለህ። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ አፉ ውስጥ ጥጥ የከተተ ይመስል ይንተባተባል። ደብዳቤ አያልጎመጉምም። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ተናድጄ ስለነበር ነው። አሁን ግን ንዴቴ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ስሕተት ሲገኝ ደግሞ ይታረማል፤ ተማሪም ይሥራው አስተማሪ።

ጉዳዩ የሳሎናችን በር ቁልፍ ነው። አትሳቅ፤ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ቅዳሜ የካቲት 13 ቀን ድንች ምድጃ ላይ ጥጄ፣ ምንጣፍ ላራግፍ በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የምገባውም የምወጣውም በጓዳ በር ነው፤ ወደ ገበያ ያቀርበኛል። የፊቱን በር ቤቱን ለማናፈስ ከውስጥ ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ እንጂ ከውጭ ቁልፍ አልሰካበትም። ያን ቀን የጓዳውን በር ከውስጥ ቀርቅሬው ነበር። ነፋስ መጣና የፊቱን በር ከኋላዬ ድርግም አደረገው። ቁልፉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ስለነበር አልደነገጥኩም። ሰካሁት፤ ገባ። አዞርኩት፤ አልዞር አለ። በሩን ወደ ራሴ ስቤ ሞከርኩ፤ ገፍቼም ሞከርኩ፤ ንቅንቅ የለም። በነጠላ ጫማ፣ ምንጣፍ ታቅፌ፣ የገዛ ቤቴ ደጅ ላይ እንደ ለማኝ ቆምኩ። ድንቹ ይፈላል።

ጎረቤታችን ጥሩምባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱን አስረከበ፣ ጥሩምባውን ግን ጉሮሮው ውስጥ ይዞት ቀረ» ያልከው አንተ ነህ። አንተ ትቀልድበታለህ እንጂ እኔ እንደታዘብኩት በዚህ ሰፈር አጥርቶ የሚናገር ሰው እሱ ብቻ ቀርቷል።

«ምነው እትዬ? አባረሩዎት እንዴ?»

«ማን ያባርረኛል? ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ራስዎን አባረሩ!»

«ቀልዱን ተወውና ቁልፍ ሠሪ ጥራልኝ። ድንች ጥጃለሁ።»

«ስንት ድንች?»

«ምን አገባህ?»

«ከስድስት በላይ ከሆነ ሮጬ ነው የምሄደው!»

ስምንት ነው አልኩት። እውነትም ሮጠ።

ይዟት የመጣው ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ባለችው ኪዮስክ ቁልፍ የምትቀርጸውን ሴት ነው። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀና ስትል፣ «ቲቸር! አላወቁኝም?» አለችኝ። አወቅኳት። ሰባተኛ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ። ግራኝ የነበረችው ልጅ ናት። መርፌውን በቀኝ እጇ እንድትይዝ ዓመቱን ሙሉ ታግያት፣ እንቢ ስትለኝ «ያንቺ እጅ ለአካፋ እንጂ ለመርፌ አልተፈጠረም» ብዬ በልብስ ስፌት የጣልኳት። ያን ዕለት ራት ላይ ታሪኩን ስነግርህ ማንኪያህን አስቀምጠህ ዝም ብለህ አይተኸኝ ነበር። ያኔ ዝምታህ አናዶኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ አሁን ነው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ቀጫጭን ሽቦዎቿን አወጣችና ደጁ ላይ ተንበረከከች።

«ቲቸር፣ በቀኝ ልክፈተው በግራ?»

«በሚቀናሽ ክፈቺው።»

«ተመስገን! ይቺን ቃል ስጠብቅ ሸበትኩ።»

በግራ እጇ ከፈተችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ጣቶቿን ሳያቸው አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ትጠብቃለች፣ አንዷም ከሌላዋ አትቀድምም። በክፍሌ ካለፉት ሁሉ እንዲህ ያለ እጅ የነበራት አንዲትም አልነበረችም። ይህን በቃሌ ነገርኳት። ቀና ብላ፣ «ድንቹ እያረረ ነው ቲቸር» ብቻ አለችኝ።

ድንቹ ከታች አሮ ከላይ በስሎ ነበር። ጥሩምባ ከላይ ያለውን እየለየ መብላት ጀመረ። ልጅቷ የቁልፉን ሲሊንደር ከበሩ ፈታ አወጣችና ጠረጴዛችን ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ሆዱን አራገፈችው። ውስጡ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ የነሐስ ዘንጎች፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ ቅንድብ የምታክል ሞላ። እነዚህ ዘንጎች ቁልፉ ሲገባ መነሳት፣ ሲወጣ መውረድ አለባቸው። የእኛዎቹ ግን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ነገር ተለስነው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀርተዋል። በጣቶቿ መካከል አሸችው፤ አሸተተችው።

«ቲቸር፣ ዘይት ያደርጉበታል?»

«በየቅዳሜው ጠዋት። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ በዶሮ ላባ ጫፍ። ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«እርሳሱንስ?»

«የምን እርሳስ?»

«ይኸው ጣቴ ላይ የሚያብለጨልጨው። የእርሳስ ዱቄት ነው። ዘይቱንና እርሳሱን ማን ነው እንዲህ አንድ ላይ ያቦካው?»

ጥሩምባ ድንቹን ጎርሶ፣ «እዚህ ቤት እርሳስ ያለው አንድ ሰው ነው!» አለ።

ሳይናገርም ገብቶኛል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ፕላን በእርሳስ ስትነድፍ ኖረህ፣ የራሳችንን ቤት ቁልፍ በምን ትንከባከበዋለህ ሌላ?

ዘይቱን ከየት እንዳመጣሁት ብዙ ጊዜ ሰምተኸዋል፤ አንዴ ታገሠኝ። በአዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ቤት ኃላፊያችን ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሁለት በር በዘይት ታስቀባን ነበር። «የሚጮህ በር በቤቱ እመቤት ላይ ያሳብቃል» ትል ነበር። ከጠብታው አንዷ እንጨቱ ላይ ከፈሰሰች ምሳ የለም። ማጠፊያም ቁልፍም በአንድ ላባ ነበር የምንቀባው፤ ልዩነት አላቸው ያለን ሰው አልነበረም። እኔም እስከ ሰባ ሁለት ዓመቴ ልዩነት ይኖር ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም። ሌሎች ስንት ነገር ሳይጠይቁ ሲያደርጉ እንዳረምኩ ስቆጥረው አፈርኩ።

ልጅቷ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ዘይት ብቻውን ቁልፍ ውስጥ ሲገባ አቧራ ይሰበስባል፤ ጊዜ ወስዶ ያበላሻል እንጂ ዕለቱን አይገድልም። የእርሳስ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይይዝም፤ ቁልፍ ሠሪዎችም የሚያምኑት እሱን ነው። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገናኙ ግን ሊጥ ይሆናሉ። ሊጡ ይወፍራል፣ በብርድ ይጠጥራል፣ አንድ ቀን ደግሞ ዘንጎቹን አንቆ ይይዛል።

ታስታውሳለህ፣ ባለፈው ዓመት «ይሄ ቁልፍ ከብዷል» ማለት ጀምረህ ነበር። እኔ ያንን ስሰማ ቅዳሜ ሁለት ጠብታ ማድረግ ጀመርኩ። እኔም አንድ ቀን «ከብዷል» ስል አንተ ዱቄቱን ጨምረሃል ማለት ነው። አንዳችን ለሌላው አልተናገርንም። አንተ እኔን ላለማስቆጣት፣ እኔ ደግሞ አንተ ስለ ቁልፍ ምንም የምታውቅ ስላልመሰለኝ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሁለታችንም ይህን በር ስንንከባከበው ኖረን በእንክብካቤ ገደልነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጥሩምባ ስድስተኛውን ድንች ሲያነሳ እንደ ዋዛ፣ «ጋሼንም ያን ለት እንዲሁ ነው የከለከላቸው» አለ።

«የቱን ለት?»

«የሄዱ ለት ነዋ። ጋዜጣ ገዝተው ተመለሱ። እዚህ ቆመው ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ቢያዞሩ፣ እንቢ አለ። ከዚያ አንኳኩ። በእጃቸው አንኳኩ፣ በቁልፉ አንኳኩ፣ መጨረሻ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በተረከዙ ደበደቡት። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እርስዎ ከኋላ ክፍል የስፌት መኪናዎን እየረገጡ ነበር፤ ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ እትዬ? በባልና ሚስት ጠብ መሃል የገባ በሁለት በኩል ይመታል። ጋሼ ራሳቸው ‹ከውስጥ ቀርቅራብኛለች፤ ይሁን› ብለው ጫማቸውን አጠለቁና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄዱ።»

ልጅቷ ሲሊንደሩን መጥረግ ትታ አየችኝ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የእኔን በኩል ደግሞ ስማ። ኅዳር 20 ቀን፣ እሁድ፣ ምሳ ለሁለት ሰው አቀረብኩ። ሳህንህን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አላነሳሁትም። በሦስተኛው ቀን «እህቴ ዘንድ ነኝ። አትጠብቂኝ።» የሚል ወረቀት መጣ። ሰላምታ የለውም፣ ቀን የለውም። ጠዋት ቁርስ ላይ በተናገርኩህ ቃል ተቀይመህ ትተኸኝ የሄድክ መሰለኝ። ካፖርትህንና ትርፍ መነጽርህን አጥፌ በአውቶቡስ ላክሁልህ። እንዳይበርድህ ብዬ ነው። ከላዩ አንድ ቃል አልጻፍኩም። አሁን ሳስበው አንተ ጥቅሉን ስትፈታ «ዕቃህን ይዘህ ጥፋ» ያልኩህ ሳይመስልህ አልቀረም። እህትህ «የሰው ልብ እንዴት እንዲህ ይጨክናል» ብላ ማማረሯንም ሰምቻለሁ፤ ያኔ ስለማን እንደምታወራ አልገባኝም ነበር።

መቀርቀሪያውን አልነካሁትም። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በፊት በአንተ ላይ በር ቀርቅሬ አላውቅም።

ልጅቷ ሲሊንደሩን በነጭ ጋዝ አጥባ፣ አድርቃ መለሰችልኝና፣ «ከእንግዲህ አንዱን ይምረጡ ቲቸር። የቱንም ይሁን፣ ግን አንዱን» ብላኝ ሄደች። ዋጋዋን ስጠይቃት «የስፌት ውጤቴን ያርሙልኝና እንተሳሰባለን» አለችኝ። ገንዘቡን በማግስቱ ኪዮስኳ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት፤ ውጤቷንም በፊርማዬ አርሜ በፖስታ አድርጌ አብሬ ሰጠኋት። ሳቀች፤ ግን ፖስታውን መሳቢያዋ ውስጥ አልከተተችውም፤ ደረት ኪሷ ውስጥ ነው ያደረገችው።

እኔ ደግሞ በሰው ቃል ብቻ እንደማልመርጥ ታውቃለህ። ሦስት በር ለፈተና አዘጋጀሁ። ሦስቱንም ቁልፍ አስፈትቼ አሳጠብኩ። የዕቃ ቤቱ የእኔን ዘይት ብቻ አገኘ። የመኝታ ቤቱ ከዕቃ መሸጫ የገዛሁትን፣ በቆርቆሮ ሆኖ የሚረጨውን፣ ሰው ሁሉ ለዝገቱም ለብስክሌቱም የሚረጨውን አገኘ። ሦስተኛው የአንተ የንድፍ ክፍል ነበር፤ የአንተን ዱቄት ማግኘት የሚገባው እሱ ነው። የሳሎኑን በር ፈተናው እስኪያልቅ ደረቅ አድርጌ ተውኩት። በየማለዳው እያንዳንዱን ሃያ ጊዜ ቆልፌ ሃያ ጊዜ እከፍታለሁ፤ አንድ ቀን እያለፈ ደግሞ የምንጣፍ አቧራ ፊታቸው ላይ አራግፋለሁ። ጥሩምባ በመስኮት አይቶኝ፣ «እትዬ፣ ሌባ ለመሆን እየተለማመዱ ነው?» አለኝ።

ለአንተ ዱቄት ስፈልግ ነው መሳቢያህን የከፈትኩት። ይቅር በለኝ፣ ያለ ፈቃድህ መክፈቴን። ከማስመሪያዎቹ ሥር በወረቀት የተጠቀለሉ አራት ትንንሽ ጥቅሎች አገኘሁ። በእያንዳንዱ ላይ በዚያ በተስተካከለ የንድፍ ጽሕፈትህ «ለሳሎኑ በር» ይላል። ዱቄቱ እንደ ጭስ የላመ ነው። የነፋህበትን ጨርቅም አየሁት፤ ያ ጠፋ ብዬ ቤቱን ያተራመስኩበት፣ ጎረቤት ሁሉ የጠየቅኩበት ነጭ ሐር ነው። ጠርዙን ሳትዘመዝም ነው የቆረጥከው። ይህን በሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ቆየ። ቆርቆሮው ለሁለት ቀን እንደ ቅቤ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ተነነና ሽታውን ብቻ ተወልኝ። ልጅቷ እንዳለችው፣ የተጣበቀን ያላቅቃል እንጂ አይሰነብትም። ዘይቴ አሥር ቀን በክብር አገለገለኝ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ሲወጣ ግራጫ ለብሶ ይወጣ ጀመር፤ ስታዞረው አሸዋ የሚቆረጥም ይመስላል። የንድፍ ክፍልህ በር ግን በመጀመሪያው ቀን እንደዞረ በሃያ አንደኛውም ቀን እንዲያው ዞረ። ደጋግሜ አየሁት፤ ሌላ መልስ የለውም።

ስለዚህ ይኸው ውሳኔዬ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቁልፍ ውስጥ የእርሳስ ዱቄት እንጂ ሌላ አይገባም። ቁልፉን ዱቄቱ ላይ አንከባልለን፣ ሰክተን፣ ሦስት ጊዜ አዙረን፣ የተረፈውን በጨርቅ እንጠርጋለን፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ማጠፊያዎቹን ዘይቴን አልነፍጋቸውም፤ ይህን ልጅቷም ፈቅዳልኛለች። የሳሎኑን በር ትናንት በአንተ ዱቄት አሳለፍኩት። በአንድ ጣት ይዞራል። አዲስ ያስቀረጽኩትን ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ፤ አሮጌው ጥርሱ ስለተበላ ጣለው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ትናንት እስከዚህ ጽፌ ብዕሬን ከደንኩ። ዛሬ፣ ዓርብ ጠዋት፣ መልሼ ሳነበው ግን ለተማሪ ብሆን ኖሮ ከሥሩ «ጥያቄውን አልመለስሽም» ብዬ በቀይ እጽፍ ነበር። ቁልፉ ለምን እንዳልዞረ አስረድቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታንኳኳ ለምን እንዳልከፈትኩልህ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

እንግዲህ ይህንንም ፈተንኩት። ባለፈው ሰኞ ጥሩምባን ጠራሁትና በአንድ ሰዓት ውስጥ በፈለገው ጊዜ አምስት ጊዜ በሩን እንዲያንኳኳ፣ ያንኳኳበትንም ሰዓት ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ነገርኩት። እኔ ከኋላ ክፍል መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ሰዓቱን ፊቴ አስቀምጬ፣ በሰማሁ ቁጥር ልጽፍ። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የእሱ ላይ አምስት ሰዓቶች ተጽፈዋል። የእኔ ላይ አንድ። ያም አንዱ ከአምስቱ ከየትኛውም ጋር አይገጥምም። ጥሩምባ እጁን አሳየኝ፤ አንጓዎቹ ቀልተዋል። እንደ ልማዱ አልጮኸም። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም።

ከአምስት ዜሮ። በዘመኔ ዜሮ አግኝቼ አላውቅም።

ያን እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሦስት ጊዜ የሆነ ነገር ነገርከኝ። ሦስት ጊዜ «ምን?» አልኩህ። ከዚያ «ስትናገር እንደ ሰው አፍህን ክፈት» አልኩህ። አንተም «ከግድግዳ ጋር ብኖር ይሻለኛል» ብለህ ወጣህ፤ ያችን በደንብ ሰማኋት፤ ጮክ ብለህ ነበር የተናገርካት። አንተ አላጉተመተምክም። የሰፈሩም ሰው፣ ስልክ የሚደውልልኝም፣ ገበያ ያለችው ሽንኩርት ሻጭም አያጉተመትሙም። ይህን ለመጻፍ አራት ጊዜ ብዕሬን አንስቼ አስቀምጫለሁ፤ አሁን ተጽፏል። ሦስት ጊዜ ያልከኝ ነገር ምን እንደነበር አሁንም አላውቅም።

ማክሰኞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት፤ አነጋገሯ ሥርዓት አለው። ፊቷን እያየሁ የጠየቀችኝን ሁሉ አንድ ሳልስት መለስኩ፤ ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት አነሳችና አፏን ከለለች። ወረቀቱን ሳየው ቆየሁ። ዝቅ ስታደርገው፣ «አምስት ጥያቄ ጠየቅኩዎት» አለችኝ።

መሣሪያ ይገባልኛል። ጆሮዬ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ከአተር ብዙ የማትበልጥ ነገር ናት። ተስፋ አለው ብላኛለች፤ ይህን በግልጽ ነው ያለችኝ፣ ወረቀት ሳይኖር። ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል። መሣሪያዋን የሚያስተካክሉት እኔ አብዝቼ በማውቀው ሰው ድምፅ ነው፤ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ ያወራል፣ እነሱ ልኩን ይፈልጋሉ።

«ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«እህት? ወንድም?»

«ሁሉም አርፈዋል።»

«ታዲያ ማን ይምጣ?»

«ባለቤቴ ለጊዜው ከከተማ ወጥቷል» አልኳት።

ቀጠሮው ማክሰኞ መጋቢት 21 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ከእናንተ ዘንድ የሚነሳው አውቶቡስ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ መናኸሪያው ሄጄ አጣርቻለሁ። ጉልበትህን ስለማውቅ በመስኮት በኩል፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ጠይቅ። እህትህን አመስግናት፤ ምንም አትያዝባት። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናው፣ በሰላም ያግባህ፣ በቀሪው ዘመናችን የተናገርነው ይሰማ።

የሕክምና ቤቱ ቅጽ ላይ «ከታካሚዋ ጋር የሚመጣው ሰው» የሚል ባዶ መስመር ነበር። ሳልጠይቅህ ስምህን ጽፌበታለሁ። ሐኪሟ እርሳስ አቀበለችኝ፤ እኔ ግን የራሴን ብዕር አውጥቼ በቀለም ጻፍኩት።

ሚስትህ